የማይተነፍሰው ዶቅዶቄ

አክስቴ ሞተር ከመፍታቷ በፊት ጉትቻዎቿን ታወልቅና የፍሬኑ እጀታ ላይ ታንጠለጥላቸዋለች። መጀመሪያ ዐይኔን የያዘው ይህ ነው፤ ሁለት ትንንሽ የብር ቀለበቶች፣ ጭቃ ከጠገበው ዶቅዶቄ ላይ፣ በእሑድ ረፋድ ፀሐይ ሲወዛወዙ። ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ላም ስመረምርም አወልቃለሁ» አለችኝ። «በሽተኛ ፊት መብለጭለጭ ነውር ነው።»

የከብት ሐኪም ናት። መኪና በማይደፍረው ዳገት ላይ በዚህ ዶቅዶቄ መመላለስ ከጀመረች ብዙ ዘመን ሆናት። ላይኛው መንደር ያሉ ላሞች ድምፁን ከሩቅ ይለዩታል ይባላል፤ ባሏ እንደሚለው «መርፌ መጣ» ብለው ይደበቃሉ።

አሁን ግን ዶቅዶቄው ራሱ ታሟል። ቆሞ ሲሠራ ደህና ይመስላል፤ ነዳጅ ሲሰጡት ይንተፋተፋል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ዳገት ላይ ጭራሽ ቀጥ ይላል። በሳምንቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ እየገፋች ተመልሳለች። የመሥሪያ ቤቷ ኃላፊም ቁርጡን ነገራት፤ ሰኞ እስከ አራት ሰዓት ላይኛው መንደር ካልደረሰች ዶቅዶቄው መጋዘን ይገባል፣ እሷም መዝገብ ቤት ትቀመጣለች።

«መዝገብ ቤት!» አለች ካንዴላውን እየፈታች። «ወረቀት አያስል፣ አይወልድ። ምን ላደርግለት ነው?»

ካንዴላ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥል፣ ጣት የሚያህል ነገር ነው። ወደ ብርሃን አነሣችው። ጫፉ ጥላሸት ለብሷል።

«ምላሱን እይው» አለችኝ።

አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ስማርና ግጥም ስጽፍ ሞተር ምላስ እንዳለው የነገረኝ አንድም መምህር አልነበረም።

ካንዴላውን ጠርጋ መለሰችውና አስነሣች፤ ተንተፋተፈ። ቤንዚኑ ቆይቶ ይሆናል ብላ አፍስሳ በአዲስ ሞላች፤ ተንተፋተፈ። ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ፈትታ ቀዳዳዎቹን በአፏ እፍ እያለች አጸዳች፤ ያው ነው። ባሏ ይህን ጊዜ በመስኮቱ ብቅ አለ። ልብስ ሰፊ ነው፤ የስፌት መኪናው ከመስኮቱ ሥር፣ ሜትሩ ከአንገቱ አይለዩም።

«እሜቴ፣ በሽተኛው እንዴት ነው?»

«አንተ ሱሪህን ስፋ!»

«አቧራ እንኳን ሊሆን አይችልም» አለ በሙሉ ልቡ፤ አንገቱንም መለሰ።

አክስቴ እጇን በጨርቅ ጠረገችና ቦርሳዋን ከፈተች። ያወጣችው የልብ ማዳመጫዋን ነው! ጆሮዋ ላይ ሰካችው። «ነዳጅ ስጪው» አለችኝ። እኔ ስሰጠው እሷ ዐይኗን ጨፍና የሞተሩን ጎን እንደ ጥጃ ሆድ ዳሰሰች። እኔም ሳላስበው ትንፋሼን ዋጥሁ።

«ይበላል» አለች በመጨረሻ። «ከጥጋብ በላይ ይበላል። ግን አይተነፍስም። ጥቁሩ ጭስ ሳይቃጠል የሚወጣው ቤንዚን ነው። ይኼ አየር ያጠረው በሽተኛ ነው።»

አየሩ የሚገባበትን ሳጥን ከፈተች። አቧራ የሚያስቀረው ፊልትሮ ላይ ለካፖርት የሚሆን ወፍራም ጨርቅ፣ እንደ ጨቅላ ኮፍያ በላስቲክ ተሸብቦ ተቀምጧል። ጠርዙ በጥንቃቄ ተቀምቅሟል። ያንን ስፌት ከቤተሰቡ የማያውቀው የለም፤ የሁላችንም ልብስ ላይ አለ።

«አንተ ሰውዬ!»

መጣ። ጨርቁን በእጇ ሲያይ ፈገግ አለ፤ ፊቷን ሲያይ ፈገግታውን ሰበሰበ።

«አቧራ ለብሰሽ እየመጣሽ ሌሊቱን ታስያለሽ። እሱ እንኳን ይትረፍ ብዬ...»

«መቼ ነው ያደረግኸው?»

«ሁለት ሳምንቱ ነው።»

«ድርብ ነው እኮ!»

«ሁለተኛውን ሐሙስ ነው የጨመርኩት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መንተፋተፉ ሲብስበት አቧራ እየሾለከ ነው አልኩ።»

ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን የልብ ማዳመጫው አንገቷ ላይ እየተወዛወዘ፣ ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«በሽተኛው በታፈነ ቁጥር የሚደርብለት ሐኪም! ሰው በፍቅር ሞተር ይገድላል?»

ፊልትሮውን አራግፋ ራቁቱን መለሰችው። አስነሣች፤ ነዳጅ ሰጠች። አልተንተፋተፈም። ጭሱ ሳሳ፣ ከዚያም ጠፋ፤ ጉትቻዎቹ ፍሬኑ ላይ ዘፈን የሰሙ ይመስል ተንቀጠቀጡ። ባሏ ግን አንገቱን እንደ ደፋ ነበር። ጨርቁን መልሳ እጁ ላይ አኖረችለት።

«በል፣ አንዱን ድርብ ፍታልኝ። የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ እንዲሆነኝ ላስቲኩን ደግሞ ጆሮዬን እንዲይዝ አድርግልኝ። አቧራው የሚያስለው እኔን ነው፤ ዶቅዶቄው ይተንፍስ።»

ወደ ስፌት መኪናው ተመለሰ። ሲሄድም እያፏጨ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ለምኜ ከኋላዋ ተፈናጠጥሁ። ዳገቱ ሥር ስንደርስ ነዳጅ ጨመረችለት። ባለፈው ሳምንት የቆመበት ቋጥኝ ጋ ጀርባዋ ሲጠነክር በደረቴ ተሰማኝ። ማርሽ ቀነሰች። ዶቅዶቄው አንድ ጊዜ እንኳ ሳያስል ቋጥኙን አልፎ ወጣ፤ እኔ ብቻ እንደ እብድ እልል አልሁ።

አናት ላይ ሞተሩን አጥፍታ ለኃላፊዋ ደወለች።

«ጌታዬ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው፤ ላይኛው መንደር ነኝ። ያቺን የመዝገብ ቤት ወንበር ለሌላ ሰው ይስጡልኝ።»

ከኋላዋ አንዲት ላም እምቧ አለች።

«ሰሙ? ምስክርም አለኝ።»

ጉትቻዎቿን አውልቃ መዳፌ ላይ አኖረች። ገና ሞቃት ነበሩ።

«ዶቅዶቄውን ጠብቂ፣ ገጣሚዋ። ካሳለ ጥሪኝ።»

የክትባት ሳጥኑን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ፣ የባሏን ስፌት አፍንጫዋ ላይ ሳብ አድርጋ፣ አቧራውን በእግሯ እያቦነነች ወደ ላሞቹ ሄደች። እነሱም አንድ በአንድ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀመሩ።