ነጭ ጋቢ ለአርበኛ

እማማ ቀድሪያ አማኑኤል ከተማ ውስጥ ጋቢና አቡጀዲ ሲሸጡ አርባ ዓመት አልፏቸዋል። ሰሞኑን አንድ የፊልም ዳይሬክተር ሱቃቸው መጣና፣ ጫካ ውስጥ ጣሊያንን ለሚዋጉ አርበኞች የሚሆን ሃያ ነጭ ጋቢ ጠየቃቸው።

«ጫካ ውስጥ ነጭ?» አሉ፣ ያነሱትን ጋቢ መልሰው እየጣሉ። «አያቴ አርበኛ ነበሩ። ከአውሮፕላን እንዳይታዩ ጋቢያቸውን ጭቃ ውስጥ ዘፍዝፈው ነበር የሚለብሱት!»

«ልክ ነዎት እማማ፤ ግን ነጭ ካሜራ ላይ ያምራል።»

«ያምራል?» ቁጣቸው ገነፈለ። «አያቴ ጫካ ከገቡ ወዲህ ነጭ የለበሱት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ የተከፈኑ ቀን!»

ከመደርደሪያው አንድ ጣቃ አቡጀዲ አውርደው ባንኮኒው ላይ ወረወሩት።

«ነጭ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ካልክ፣ ይኸው የከፈን ጨርቅ። ለሃያ ሰው ልቅደድልህ?»