በክትክታ የታሰረው ክንድ

አባቴ ሰባ ዓመት ካለፈውም በኋላ ለመጥረቢያው እጀታ የሚሆነውን እንጨት የሚቆርጠው ራሱ ነበር። ከኦጎልቾ ወጣ ብሎ ካለው ቤታችን ጀርባ ደረቅ፣ ድንጋያማ ተዳፋት አለ። እዚያ ከክትክታ በቀር እምብዛም የሚበቅል ነገር የለም። ክትክታ በጋ ከክረምት ቅጠሉ አይረግፍም፤ አበባው ሲያልፍ ቀላ ያሉ ክንፋም ፍሬዎች ይሸፍኑታል። እንጨቱ ጠንካራ ስለሆነ አባቴ ሌላ አይመርጥም። አንድ ቀን ቅርንጫፍ ሲጎትት የረገጠው ድንጋይ ከዳው፤ ወድቆ ግራ ክንዱን ሰበረ።

እኔ አሰላ ነርስ ነኝ። እናቴ ስትደውልልኝ በሚኒባስ አስመጣሁት። ራጅ ተነሳ፣ አጥንቱ ተስተካክሎ ጄሶ ተደረገለት። «ስድስት ሳምንት እንዳትነካው» ብዬ ሸኘሁት።

በሦስተኛው ሳምንት ልጠይቀው ብሄድ ጄሶው የለም። ክንዱ በቀጫጭን የክትክታ እንጨትና በጨርቅ ተጠፍሯል።

«አባዬ፣ ጄሶው የት ሄደ?»

«አሳከከኝ። ወጌሻው ቆርጦ ጣለልኝ።»

«የሰው አባት ሁሉ እኔ ጋ ይታከማል፤ የኔ አባት ግን ጄሶውን ያስቆርጣል?»

«አንቺ ጎበዝ ነሽ» አለኝ በእርጋታ። «ግን ጄሶ አይተነፍስም።»

ተናድጄ ጎረቤታችን ወደሆኑት ሽማግሌ ወጌሻ ቤት ሄድኩ።

«ለምን ፈቱት? አጥንቱ ገና አልያዘም ነበር እኮ።»

«እሱ ለመነኝ» አሉኝ። «ደግሞ አንቺ ልጅ ሳለሽ ቁርጭምጭሚትሽ ወለም ሲል ማን አሸሽ?»

ያሹኝ እሳቸው ነበሩ። ያ ደግሞ የበለጠ አናደደኝ።

በማግስቱ አባቴን እየጎተትኩ አሰላ መለስኩት። አጥንቱ መግጠም ጀምሯል፤ ግን ጠምሞ። ሐኪሙ እንደገና ተሰብሮ ሊቃና እንደሚችል ሲነግረው አባቴ ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። በር ላይ ደርሼ ያዝኩት።

«ያጣመመው ያንቺ ጄሶ ነው» አለኝ።

«ጄሶው ባይቆረጥ ኖሮ አይጠምም ነበር።»

«አንቺ በዚያ እመኚ፣ እኔ በዚህ።»

ሥራ ቦታ የማላውቃቸው ሰዎች ምክሬን ሰምተው ይድናሉ። የገዛ አባቴን ግን ሦስት ሳምንት እንኳ ማሳመን አልቻልኩም።

አሁን እጁን ሊታጠብ ሲዘረጋ የግራ መዳፉ ወደ ላይ አይገለበጥም፤ ውሃው በክርኑ በኩል ይወርዳል። እናቴ ታየኛለች። እኔም ፎጣ አቀብለዋለሁ። ንዴቴ ግን አልበረደም።