ገጽ አርባ አንድ ላይ ያለው ስም

ሂባቅ መጽሐፉን ገጽ አርባ አንድ ላይ ትገልጥና በክርኗ ትጫነዋለች። በምላጭ ከቆራረጠቻቸው ነጭ ወረቀቶች አንዱን በጥፍሯ ታነሳለች፣ ጀርባውን ሙጫ ታስነካለች፣ ስሙ ላይ ታሳርፋለች፣ በጨርቅ ጠበቅ አድርጋ ትጠርገዋለች። ሙጫው ከበዛ ገጹ ይሸበሸባል። ገና ሦስት መቶ ያህል ይቀራታል።

ሃርጌሳ ውስጥ ሃያ ዓመት በጋዜጠኝነት ስትሠራ፣ የሰው ስም ከነአባቱ ከነአያቱ ሳታጣራ ለኅትመት ሰጥታ አታውቅም። ሁለት የአጫጭር ልቦለድ መድበሎች አሏት። ይህ የመጀመሪያው ረጅም ልቦለዷ ነው። በውስጡ የታመመች ግመል ደህና ናት ብሎ የሚሸጥ ደላላ አለ። ልቦለድ ነው ብላ ሳታጣራ፣ በአፏ የመጣላትን ስም እስከ አያቱ ሰጠችው።

መጽሐፉ በወጣ በሳምንቱ ሽማግሌዎች ቤቷ መጡ። ለካ ባለ ስሙ በሕይወት አለ፤ ከብት ገበያ ግመል ያሻሽጣል።

"'ዛሬስ የትኛዋን በሽተኛ ይዘህ መጣህ?' እያሉ መሳቂያ አደረጉት" አሉ። "ሴት ልጁን ያጩትም ሰዎች ድምፃቸውን አጥፍተዋል።"

"አጋጣሚ ነው፤ ሰውየውን አላውቃቸውም" ብላ ማለች። አመኗት። ስሙ ከየመጽሐፉ ይሸፈን ብለው ፈረዱ።

ትናንት የድሮ ማስታወሻዎቿን ስታገላብጥ ግን፣ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ስለ ድርቁ ልትዘግብ ገበያ ወርዳ የጻፈችውን አገኘች። ያው ስም፣ በገዛ እጇ ጽሕፈት። ከሥሩ "ግመል ደላላ፤ ወተት አጠጡኝ" ይላል።

ዛሬ ጠዋት ገበያ ሄደች።

"አጎቴ፣ በሐሰት ነው የማልኩት። አውቅዎት ነበር።"

ሰውየው በትሩን ትከሻው ላይ አጋደመ። "የጋዜጣዋ ልጅ! አንድ ቅል ወተት ጭልጥ አድርገሽ ሄደሽ፣ ይኸው አጭበርባሪ አልሽኝ።"

"ረስቼ ነው፤ ወላሂ።"

"ስሜንማ አልረሳሽም። እኔን ነው የረሳሽው።"

"የቀሩትን በሙሉ እየሸፈንኩ ነው።"

"የተሸጡትንስ? የልጄ አማቾች ያነበቡት እሱን ነው።"

ስልሳ ሦስት ቅጂ ከእጇ ወጥቷል። ቤቷ ተመልሳ ለነገው ጋዜጣ እንዲህ ብላ ጻፈች፦

"መጽሐፌን የገዛችሁ፣ ገጽ አርባ አንድ ላይ ያለውን ስም ሸፍኑልኝ። ያዋሳችሁም ተከታትላችሁ አስሸፍኑ። ባለ ስሙ በድርቅ ዘመን ለማያውቃት መንገደኛ ወተት የሰጠ ሰው ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። የተለጠፈበት የደረሳችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ 'ማን ይሆን?' ብላችሁ በጥፍራችሁ አትፋቁት።"