ባሕር ማዶ የቀሩት የአያቴ አባት

አብሽ ሲመታ መጀመሪያ የሚሸተው ምሬቱ ነው፤ አረፋው እየነጣ ሲመጣ ግን የተቆላ ነገር የሚመስል ጣፋጭ ጠረን ይከተለዋል። ባለፈው ቅዳሜ ጋርላንድ በምኖርበት አፓርታማ ከታችኛው ቤት ያ ሽታ መጣና፣ የልብስ ቅርጫቴን እንደያዝኩ ደረጃው ላይ ቆሜ ቀረሁ። አያቴ ትዝ አሉኝ። ቁጭ በይና ልንገርሽ።

አያቴ የእናቴ አባት ናቸው። ከኮምቦልቻ መጥተው ሌክ ሃይላንድስ የሚባለው ሰፈር አብረውን ይኖሩ ነበር። ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ሥር ተቀምጠው፣ የራሰውን የአብሽ ዱቄት በጎድጓዳ ሳህን ይዘው በእጃቸው ይመቱታል። ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ ያ ድምፅ ነበር። አረፋ ሲሆንላቸው ቃሪያና ድንብላል ጨምረው ትኩስ መረቅ ላይ ይደፉታል። እናቴ "አባ፣ አብሽ እኮ የአራስ ነው" እያለች ትስቅባቸዋለች።

"የአባቴ ቤት ምግብ ነው" ይላሉ። ከዚያ ወዲያ አይናገሩም።

ስለ አባታቸው የማውቀው እናቴ በቁርጥራጭ የነገረችኝን ብቻ ነበር። የመናዊ ናቸው። እንግሊዝ ኤደንን ይገዛ በነበረበት ዘመን ወደቡ ላይ የድንጋይ ከሰል ይሸከሙ ነበር። ኋላ ጣሊያን ወሎ ውስጥ መንገድ ሲያሠራ ባሕሩን ተሻግረው ለጉልበት ሥራ መጡ። ጣሊያን ሲወጣ እሳቸው ቀሩ፤ ኮምቦልቻ ላይ ስኳርና ላምባ የሚሸጡባት ትንሽ ሱቅ ከፈቱ፣ የአገሩን ልጅ አግብተው አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። ልጁ የወተት ጥርሱን መንቀል ሲጀምር "እናቴን አይቼ ልምጣ" ብለው የአሰብ መኪና ላይ ተሳፈሩ። በዚያው ቀሩ። ለአያቴ የቀረላቸው "የአረቡ ልጅ" የሚለው ስም ነው። ከአሰብ የሚመጣ መኪና በቆመ ቁጥር እየሮጡ ሄደው ማን እንደሚወርድ ያዩ ነበር አሉ። አድገውም በዚያው መንገድ ላይ የጭነት መኪና ሹፌር ሆኑ።

እኔ መንጃ ፈቃድ ባወጣሁበት ሰመር፣ እናቴ ፎርት ዎርዝ ሆስፒታል ስለምትሠራ፣ ጁምዓ ቀን አያቴን መስጊድ ማድረስ የኔ ሥራ ሆነ። አንድ ጁምዓ ከሶላት ሲወጡ ራባቸው። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ የፓርኪንጉ አስፋልት በጫማ ሥር ይፋጃል። ፊት ለፊት አዲስ የየመን ምግብ ቤት ተከፍቶ ስለነበር ገባን። ገና እንደተቀመጥን አስተናጋጁ በጥቁር የድንጋይ ድስት የሚንፈቀፈቅ መረቅ ይዞ በአጠገባችን አለፈ። ከላዩ ነጭ የአብሽ አረፋ ተደፍቶበታል።

አያቴ የቀረበላቸውን ዳቦ እንደያዙ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። "ይኼ የኔ ነው" አሉ።

የምግብ ቤቱ ባለቤት ከባንኮኒው ኋላ ሆኖ ሰማቸውና በጠራ አማርኛ "ኖር አባባ፣ ከየት ናችሁ?" አለ። መርካቶ ያደገ የመናዊ ነበር። ደስ ብሎት ወንበር ስቦ አጠገባችን ተቀመጠ። አባታቸው የመናዊ መሆናቸውን ስነግረው ወደ አያቴ ዘወር አለ።

"ከየትኛው በኩል ናቸው? ንገሩኝና ላጠያይቅልዎ። ሰው በሰው ይገኛል።"

"የተወኝን ሰው ፈልጌ ምን ሊረባኝ?" አሉ አያቴ።

በሚቀጥለው ጁምዓ ግን "እዚያው ውሰጂኝ" አሉኝ። ከዚያ በኋላም እንዲሁ። መረቁን በልተው፣ አመስግነው ይወጣሉ። ባለቤቱም ደግሞ አልጠየቃቸውም።

አንድ ቀን መኪናውን ፓርክ አድርጌ ሞተሩን ሳጠፋ በሩን ሳይከፍቱ ተቀመጡ።

"አሰብ ስመላለስ ባሕሩ ዳር ቆሜ ማዶ ማዶውን አይ ነበር" አሉ። "የየመን ጀልባዎች ይመጣሉ። አንድ ሰው እንኳ ጠይቄ አላውቅም።"

"ለምን አባባ?"

"በሕይወት አለ፣ ሌሎች ልጆች ያሳድጋል ቢሉኝስ?"

እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር። ከዚያ ወረዱና ሳይቀመጡ በቀጥታ ወደ ባለቤቱ ሄደው፣ የአባታቸውን ስም እስከ ቅድመ አያት፣ ከዚያም በልጅነታቸው ሲነገር የሰሙትን የአንድ ተራራ ስም ነገሩት።

"አብሽሩ አባባ፣ አይዞዎት" አላቸው።

የዚያ ተራራ አካባቢ ተወላጆች ባሉበት የዋትስአፕ ግሩፕ ላይ በድምፁ መልእክት ላከ። ሰመሩ አለቀ፣ ትምህርት ጀመርኩ። አያቴ የኔ ስልክ ሲጠራ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ፤ ለእኔ መሆኑን ሲያውቁ ይቀጥላሉ። በመጨረሻ ባለቤቱ "ይዘሻቸው ነይ" ብሎ ኮል አደረገ።

የምሳ ሰው ወጥቶ ቤቱ ጭር ብሎ ነበር። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ድምፁን ከፈተው። ነፋስና የፍየል ድምፅ የተቀላቀለበት የሽማግሌ ንግግር ነው። ባለቤቱ እያቆመ ይተረጉምልናል።

"የአባትዎ የእህት ልጅ ናቸው የሚናገሩት። አባትዎ ቤታቸው የደረሱት በሽታ ጠንቶባቸው፣ በሰው ተደግፈው ነው ይላሉ። የዚያው ክረምት ዝናብ ሳያባራ አረፉ። ሲያጣጥሩ 'ባሕር ማዶ ወንድ ልጅ አለኝ' እያሉ ስሙን ይጠሩ ነበር። ልጁን እንዲፈልግ የሚላክ ሰው አልተገኘም። እህትየው ቀጥላ ለወለደችው ልጅ ያንን ስም አወጣች፤ ስሙ በዚህ ቤት ሲጠራ ይኑር ብላ።" ባለቤቱ ቀና ብሎ አያቴን አያቸው። "ያ ልጅ እኔ ነኝ፣ ስሜ ያንተ ነው ይሉዎታል።"

አያቴ ስልኩን ትክ ብለው እያዩ "ታሞ ነበር እንዴ?" አሉ።

ደግመው አስከፈቱት። ሳይገባቸው የቀረ ነገር እንዳለ ሁሉ እየመላለሱ ሰሙት። ወደ ቤት ስንመለስ ቀይ መብራት ላይ ቆመን ዘወር አሉና "ታሞ ነው እኮ የሄደው" አሉኝ፣ የማላውቀውን እንደሚነግሩኝ። ያኔ ነው ያለቀሱት። ልቅሷቸው ድምፅ አልነበረውም። ጥርሱን የሚነቅል ልጅ መኪና ዳር ቆሞ ታየኝ። ኋላ ያለው መኪና ጡሩምባ እስኪነፋ ድረስ መብራቱ መቀየሩን አላየሁም።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሽማግሌዎች ይደዋወሉ ጀመር። አያቴ የገበያ አረብኛ እንጂ ብዙ አይችሉም፤ ኔትወርኩም በጦርነቱ ምክንያት ይቆራረጣል። ቢሆንም አንዱ ሌላውን ስሙን እየጠራ፣ ጤናውን እየጠየቀ፣ እየሳቁ ረጅም ሰዓት ይቆያሉ። እናቴ በር ላይ ቆማ "አባ ሲስቅ እንዲህ ነው እንዴ?" አለችኝ አንድ ቀን።

አያቴ ያረፉት እኔ ኮሌጅ ሳለሁ ነው። መርዶውን በምግብ ቤቱ ባለቤት በኩል አደረስን። እዚያ የመን በመንደራቸው፣ አስከሬን በሌለበት የሚሰገደውን ሶላት ሊሰግዱላቸው የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ስማቸውን ሲጠራ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እየሮጠ ወደ ሽማግሌው ቤት መጣ። ሞተዋል የተባሉት ሰው በራቸው ላይ ቆመው አገኟቸው። "እኔ አይደለሁም፤ ወንድሜ ነው" ብለው አስገቧቸው፣ ለቅሶም ተቀመጡ።

ሽማግሌው አሁንም በየዒዱ ይደውላሉ። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ የእኔ አረብኛ ያልቃል፤ እሳቸው ግን ይናገራሉ፣ እኔም አዳምጣለሁ። ባለፈው ስልኩን ያነሳችው እናቴ ነበረች። "ማን ልበል?" አለች። ከዚያ በኩል የአባቷን ስም ሰማች።

ቀስ ብላ ወንበር ስባ ተቀመጠች። "አቤት" አለች በአማርኛ።