ሞሚና የቀረችበት ኮረብታ

ባለፈው እሑድ ልጄ ሱመያ ከአዲሰን እዚሁ ቴክሳስ ዩለስ ያለው ቤቴ ድረስ ነድታ መጣችና እንደ ልማዷ ጫማዋን በር ላይ ጥላ ሶፋው ላይ ተዘረጋች። ቢሮ ነው የምትሠራው፤ ዓመቱን ሙሉ የምታወራው ስለ ቬኬሽን ነው። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ኤርፖርት ውስጥ የሰው ሻንጣ ሲሄድ ሲመጣ እያየሁ ስለጨረስኩ መንገድ የሚባል ነገር አያጓጓኝም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንኳ አውሮፕላኑ አልተወኝም፤ ጣሪያዬን እየታከከ ያልፋል፣ ብርጭቆዎቼም ቁም ሣጥን ውስጥ ሆነው ይንጫጫሉ።

«ማሚ፣ ሉክ፣» አለችኝ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና። «አንቺ ኢጣሊያ ኖሬያለሁ ትዪ የለ? ሶ፣ ሰመር ላይ አብረን እንሂድ። ቪዲዮው ላይ ያለው ልጅ ይቺን ከተማ መጎብኘት ያለብን ለምን እንደሆነ እየነገረን ነው፣ እዪው።»

አንድ ጎረምሳ የድንጋይ ደረጃ ላይ ወደ ኋላ እየተራመደ ይለፈልፋል። ሰማዩ፣ ደወሉ፣ ጥንታዊው የውኃ ጉድጓድ፣ የወይራ ዘይቱ፣ ጠዋት ጠዋት ሸለቆውን የሚሞላው ጉም። ሱመያ እየሳቀች ትተረጉምልኛለች። እኔ ከተማዋን ገና ደወሉን ሳይ አውቄያታለሁ። መጨረሻ ላይ ልጁ ከአንድ የድንጋይ አጥር አጠገብ ቆመ።

«ፓርኪንግም ፍሪ ነው ይላል፣» አለች ሱመያ፤ «ከአሮጌው መቃብር ጎን።»

«መልሺው እስቲ።»

መለሰችው። አጥሩ ያው ነው። ከላዩ ለሁለት የተሰነጠቀው ረጅም ጥድም አለ። ከሥሩ ያለው መሬት ግን አስፋልት ሆኗል፤ ነጭ መስመር ተሰምሮበት መኪኖች ተደርድረውበታል። ሞሚናን የቀበርኩት እዚያ ነው።

ሞሚናና እኔ የወሎ ሐይቅ ልጆች ነን። ደርግ በነበረበት ዘመን ለኢጣሊያ የቤት ሠራተኛ የሚልክ ደላላ አዲስ አበባ አገኘንና፣ «ሴቶቹን የሚቀበሉት ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ሰዎች ናቸው፤ ስማችሁን ለውጡ» አለን። ሌላ አገር ሰው ቢሆን ይጨነቅ ይሆናል። ወሎ ግን የአባቴ ወንድም ተሰማ ይባላል፣ ሶላት አልፎት አያውቅም፤ የሞሚና አክስት ክርስቲያን አግብታ በፆሙም በበዓሉም ሁለቱንም ወገን ታበላ ነበር። ስም ለእኛ ምንም አልነበረም። እሷ ሩት ተባለች፣ እኔ ከድጃ ማርታ ሆንኩ።

«አብሽሪ፣» አለችኝ ሞሚና። «ስም እንደ ነጠላ ነው። ደርበሽ በሩን ታልፊያለሽ፣ ውስጥ ገብተሽ ታወልቂዋለሽ።»

ደርቦ መሞት እንዳለ አላሰብነውም።

ከተማዋ ኮረብታ ጫፍ ላይ የተቀመጠች ናት። አውቶቡሱ ከሥር ያወርድሃል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ዳገት ነው። ዛሬ ቱሪስት የሚያደንቀው ደረጃ ለእኛ ውኃና እንጨት የተሸከምንበት ደረጃ ነው፤ ከአገር የወጣ ሰው ቢጭኑት አህያ፣ ቢለጉሙት ፈረስ ይባል የለ። እኔ አንዲት ጆሮዋ የማይሰማ አሮጊት ቤት ገባሁ፤ ሞሚና የወይራ መጭመቂያ ያላቸው ሰዎች ቤት። ክፉዎች አልነበሩም። ዳቧቸው ጨው የለውም፤ ሞሚና ለመጀመሪያ ጊዜ ስትቀምሰው፣ «ምነው፣ ሐዘን ላይ ናቸው እንዴ?» ብላ አስቃኛለች። ምግባቸው ሁሉ አሳማ ስለሚነካው ሁለታችንም የጨጓራ በሽተኞች ነን ብለን ባቄላና ዳቦ እንበላ ነበር። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይወስዱናል፤ ቁርባን ሲመጣ «እኛ ኦርቶዶክስ ነን» እንልና ከኋላ ቁጭ እንላለን። ቄሱም ራሱን ነቅንቆ ያልፈናል።

ከሰዓት በኋላ ዕረፍት ሲሰጡን ጣሪያ ሥር ባለው ክፍሌ ውስጥ በሩን ዘግተን እንሰግዳለን። ስንሰግድ ፊታችንን የምናዞርበትን ቂብላ የሚነግረን ሰው አልነበረም። ግን ምን ያስጠይቃል? ከልጅነታችን ጀምሮ ቂብላ ወደ ሰሜን ነው። የፀሐይ መውጫን በቀኝ አድርጎ መቆም ነው። እንደዚያው አደረግን።

አንድ እሑድ መቃብር ስፍራውን ልናይ ሄድን። በዚያ አገር ሀብታም አፈር ውስጥ አይገባም። ወፍራም ግድግዳ ይሠራና በግድግዳው ውስጥ እንደ መሳቢያ በተደረደረ ጉድጓድ ሬሳውን ገፍተው አስገብተው ፊቱን በእብነ በረድ ይደፍኑታል። ሞሚና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ወላሂ ዳቦ ቤት ነው የሚመስለው። ከድጃ፣ እዚህ ውስጥ የከተትሽኝ እንደሆነ ተነስቼ ነው የማንቅሽ!»

«ማን ቀድሞ እንደሚሞት በምን አወቅሽ?»

«አንቺ ሰነፍ ነሽ፣ ለመሞትም ትዘገያለሽ።»

እስከ ቤት ድረስ እየሳቅን ወረድን።

የዚያ ዓመት የብርድ ክረምት የመጣው ከወይራ ለቀማው ጋር ነው። ከዛፉ ሥር መረብ ይነጠፋል፣ ቅርንጫፉ በማበጠሪያ ይበጠራል፣ ፍሬው እንደ በረዶ ጣት ያደነዝዛል። ጉሙ ከሸለቆው ተነስቶ ልብስ ውስጥ ይገባል። ሞሚና ሳል ጀመራት። ብርድ ነው አለች፤ ብርድ ነው አልን። ሐኪም ሲጠራ ሳንባዋ አልቆ ነበር። አሮጊቷን አስፈቅጄ ሞሚና አጠገብ ተቀመጥኩ። ክፍሏ ቀዝቃዛ ነበረች፤ እሷ ግን ትነድዳለች። እጄን ያዘችኝና የቀልድ ፊቷን ሳታሳየኝ፣

«አደራ፣ ግድግዳው ውስጥ እንዳይከቱኝ፣» አለችኝ። «አፈር፣ ከድጃ። አፈር ብቻ።»

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይላሉ አባቶቻችን። ጠዋት ላይ አለፈች።

ከባዱ ነገር ደግነታቸው ነበር። ሞሚና የምትሠራበት ቤት እመቤት እንደ ልጇ አለቀሰችላት። የራሷን ነጭ ቀሚስ አለበሰቻት፣ ጣቶቿ መሃል መቁጠሪያ ከመስቀል ጋር ጠቀለለችላት፣ ከዚያም አቅፋኝ፣ «ከእኛ ጋር ትሆናለች፤ በቤተሰባችን ግድግዳ ቦታ ሰጥተናታል» አለችኝ። በዚያች ከተማ ለሠራተኛ እንዲህ ያለ ክብር ተሰጥቶ አያውቅም። ጎረቤቱ ሁሉ ያመሰግናታል። እኔ ብቻ አላመሰገንኳትም። ብናገር ማን እንደሆንኩ ይታወቃል፣ ከቤት እባረራለሁ፣ የምገባበትም የለኝም። ዝም ብል ሞሚና ግድግዳ ውስጥ ናት።

ቄሱን ልብሱን የሚቀይርባት ክፍል ውስጥ አገኘሁት።

«አባት፣ ስሟ ሩት አይደለም፣» አልኩት በተሰባበረ ጣሊያንኛዬ። «ሞሚና ነው። ሙስሊም ናት። እኛ በአፈር ነው የምንቀበረው። አጥቤ፣ ከፍኜ፣ አፈር ውስጥ ላስገባት።»

ቄሱ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺስ ማርታ?»

«እኔም ማርታ አይደለሁም።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ ሽማግሌው የደከመው መሰለ። «ይህን ያህል ጊዜ ከኋላዬ ተቀምጣችሁ…» ብሎ አልጨረሰውም። በመጨረሻ፣ በተባረከው መሬት ሊያስቀብራት እንደማይችል፣ ግን ከአጥሩ ውጭ ከጥዱ ሥር ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናት የሚቀበሩበት መሬት እንዳለ ነገረኝ። «አፈር ነው፣» አለኝ። «ከዚያ በላይ አትጠይቂኝ።»

እኔም ከዚያ በላይ አልፈለግሁም።

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነውና እኔው አጠብኳት። ሬሳ ሲታጠብ በልጅነቴ በበር ስንጥቅ ካየሁት በቀር አላውቅም ነበር። ከቀኝ ይጀመራል የሚለውን አስታወስኩ። ውኃው እንዳይቀዘቅዝባት አሞቅኩት፤ ለሬሳ ውኃ ማሞቅ ሞኝነት ይመስላል፣ እኔ ግን ያን ክረምት በብርድ ስትንቀጠቀጥ አይቻለሁ። የምከፍንበት አንሶላ ስፈልግ በሩ ተከፈተ። እመቤቲቱ ናት። ቄሱ ነግሯታል መሰለኝ ፊቷ በቁጣ ጠቁሯል፣ ዓይኔንም አላየችም። ከራሷ የሙሽርነት ሣጥን ያወጣችውን የበፍታ አንሶላ ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ጉድጓድ ቆፋሪው፣ ቄሱና እኔ ነበርን። ቄሱ ከሩቅ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። የጀናዛ ሶላት እንዴት እንደሚሰገድ አላውቅም ነበር፤ የቁርኣኑን መክፈቻ፣ ፋቲሓን፣ ደጋግሜ ቀራሁላት። የእኛ ሟች በቀኝ ጎኑ ተጋድሞ ፊቱ ወደ ቂብላ ይዞራል። ቆፋሪው ግራ ገብቶት ሲያየኝ እኔ የፀሐይ መውጫውን ፈልጌ፣ ፊቷን ወደ ሰሜን አዞርኩት። ያን ቀን እርግጠኛ የነበርኩት በዚያ ነገር ብቻ ነው።

አሮጊቷ በሳምንቱ አሰናበተችኝ። ዳገቱን ወርጄ አውቶቡስ ጠበቅኩ። ዞሬ ሳይ ከተማዋ በጉም ተሸፍና ነበር። ከዚያ ሮም፣ ከሮም በስንት ውጣ ውረድ ቴክሳስ።

እዚህ እንደመጣሁ መስጊድ ሄድኩ። ሰዉ ተሰልፎ የቆመበት አቅጣጫ ገረመኝ። ሲያበቃ ከደሴ የመጡ፣ ታክሲ የሚነዱ አንድ አዛውንት ነበሩ፣ እሳቸውን ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ ቂብላ ሰሜን አይደለም እንዴ?»

ሳቁ። «እሱ ለሐይቅ ነው ልጄ! መካ ለወሎ ከላይ ናት። እዚህ ሌላ፣ አውሮፓ ሌላ።»

«ኢጣሊያ ቢሆንስ?»

መዳፋቸውን ዘርግተው በጣታቸው አሳዩኝ። «ኢጣሊያማ ወደ ታች ነው፣ ወደ ደቡብ ምሥራቅ።»

ለስንት ጊዜ ጀርባችንን ሰጥተን እንደሰገድን አላሰብኩም፤ ያሰብኩት ሞሚናን ነው። አፈር አለችኝ፣ አፈር ሰጠኋት። ፊቷን ግን ከመካ አዙሬ ቀበርኳት፣ ያዞረላትም የለም። አዛውንቱ ነገሬ ሲገባቸው፣ «አላህ የሚያየው ልብን ነው፣ አብሽሪ» አሉኝ። የሞሚናን ቃል ከአፋቸው ስሰማ አለቀስኩ።

ይህን ሁሉ ለሱመያ ነግሬያት አላውቅም ነበር። እሑድ ዕለት ነገርኳት። ስልኩን አጠፋችው።

«ማሚ፣ አይም ሶሪ። አልሄድም ካልሽ ኦኬ ነው፣ ካንስል አደርገዋለሁ።»

እኔ ግን ከዚያን ዕለት ወዲህ አንድ ነገር ከልቤ አልወጣ አለኝ። በዚያ አገር አጥንት ከመቃብር ያነሳሉ ይባላል፤ ምናልባት አስፋልቱን ሲያፈስሱ አንስተዋታል፣ ምናልባትም ከሥሩ ናት። ጎረምሳው ያን ሁሉ ምክንያት ሲዘረዝር የእኔን አላወቀውም። ቆፍሬ አላዞራት፣ ያ አለፈ። የጀናዛ ሶላት ግን አሁን አውቃለሁ፤ ያልተሰገደለት ሰው መቃብሩ ላይም ይሰገድለታል። እንደ ሥርዓቱ ቢሆን ሰጋጁ ከሟቹ ጀርባ ነው የሚቆመው። እኔ ግን ከጥዱ በሰሜን ምዕራብ በኩል ቆሜ ፊቴን ወደ ትክክለኛው ቂብላ ሳዞር፣ ሞሚና ወደ ሰሜን ዞራ ስለተኛች ፊት ለፊት የምንተያይ ያህል ነው። ሰው እንዲህ ባለ ነገር መጽናናቱ ይገርማል፤ እኔ ግን ሌላ የለኝም።

ትናንት ማታ ለሱመያ ደወልኩላት።

«ቡክ አድርጊው፣» አልኳት።

«ሪሊ? ኦ ማይ ጋድ፣ ማሚ! ኦኬ፣ ሬንታል ካርም ልያዝ፤ ዳገቱን በእግር አትችዪውም።»

«መኪና አትያዢ። ከሥር ጀምረን ቀስ እያልን እንወጣለን።»

«ባት ፓርኪንጉ እኮ…» አለችና አቋረጠችው። ከዚያ ወዲያ አልተከራከረችኝም።