ልቤን በሌዘር ሲበሱልኝ

ከወረታ በወጣሁበት ምሽት እናቴ ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ኪሎ የፎገራ ሩዝ ጠቀጠቀችልኝ፤ ጀርመን ሩዝ ያለ አልመሰላትም። ሩዙስ ሞልቷል፣ የጠፋው ሜዳው ነው። እኛ ፎገራ ሰው ዳገት ሳያይ ያረጃል፤ እኔ አምስተኛ ፎቅ ተከራየሁ!

«ሊፍት የለም?» አልኩት አከራዩን።

«እግር የለህም?» አለኝ።

በአራተኛው ዓመት ደረቴን ጭምድድ የሚያደርግ ሕመም ያዘኝ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ግድግዳ ይዤ እቆማለሁ። የልቤ ደም ስሮች ለሌላ ቀዶ ጥገና አይመቹም ተባለና አንድ ነገር ቀረ፤ ሌዘር። እሱም መድኃኒት ላልሠራለት ሰው ብቻ ነው። ጀርመንኛዬ ከገበያ ስለማያልፍ ሙሉነሽ የምትባል የጎረቤት ከተማችን የአንበሳሜ ልጅ ልታስተረጉምልኝ መጣች።

«እንዴት ነህ?» አለ ሐኪሙ።

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ሕመሙስ?»

«ተመስገን ነው።»

ሐኪሙ ደስ ብሎት መዝገቡን ዘጋ። «መድኃኒቱ ከሠራልህ ሌዘሩ ይቅር።»

ሙሉነሽ ዞረችብኝ። «ጋሼ፣ ምን ነካዎት? ትናንት በስልክ ሞትኩ ሲሉኝ አልነበር?»

«ታዲያ ለማላውቀው ሰው ሕመሜን ልዘርግፍ? ነውር አይደለም እንዴ?»

«እዚህ ተመስገን ያለ ሰው ወደ ቤቱ ነው የሚሸኘው!»

ወይ ጉድ! በገዛ አፌ መዳኛዬን ልዘጋው ነበር። እፍረቴን ዋጥ አድርጌ ተናገርኩ፤ ካልሲ ሳጠልቅ እንኳ እንደሚያፍነኝ፣ እሞታለሁ ብዬ እንደምፈራ። እንባዬም መጣ። ሐኪሙ መዝገቡን መልሶ ከፈተው።

በጎድን አጥንቶቼ መካከል ገብተው፣ ልቤ እየመታ፣ ደም እንዲዘልቅበት በሌዘር ብስት ብስት አደረጉት። ሕመሙ ወዲያው አልለቀቀኝም። በሦስተኛው ወር ግን ሳልቆም አምስተኛ ፎቅ ደረስኩና «እሰይ!» ብዬ ጮህኩ፤ ጎረቤት ሁሉ በሩን ከፈተ።

እሑድ ለእናቴ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት።

«ልብህን በሱት? ለምን ደበቅኸኝ?»

«እንዳትጨነቂ ብዬ ነዋ፣ እማዬ።»

«እንግዲያው እኔም ልንገርህ» አለች። «ዓይኔን ሞራ ከጋረደው ሁለት ዓመት አለፈው። የላክኸውን ፎቶ ሰው ነው የሚነግረኝ።»

እኔም እሷም ስንዋሽ ኖረናል!

«ሞራ እኮ ይገፈፋል! ነገ ባሕር ዳር ይውሰዱሽ። እኔም ሐኪሙ ከፈቀደልኝ ለጥምቀት እመጣለሁ።»

«አንተ ሳትመጣማ አላስነካውም» አለች። «ሲገለጥልኝ መጀመሪያ የማየው አንተን ነው።»