የጣሊያን በርበሬ

በደርግ ጊዜ፣ ደሴ ከፒያሳ ከፍ ብሎ ባለው ሰፈራችን፣ የዓመት ፈቃዷ በደረሰ ቁጥር በርበሬ የምታሰጣ ሴት ነበረች። ሆቴል ውስጥ አልጋ አንጣፊ ናት። ከሻሿ ሥር የሚያፈተልከው ፀጉሯ የበቆሎ ጺም ይመስላል። ስለ አባቷ ማንም አይጠይቃትም፤ እሷም አታወራም።

"ዘንድሮ እረፍቴን ጣሊያን አገር ነኝ" ትለናለች፣ በርበሬውን እየቀነጠሰች። "አንድ ወር አይቼ እመለሳለሁ። ሰው ቤት ደግሞ ባዶ እጅ አይኬድም።"

ኮምቦልቻ ወርዳ አውሮፕላን የምትሳፈርበትን ቡናማ ኮት ሳይቀር አውጥታ ፀሐይ ታስመታዋለች። መውጫ ቪዛው ግን ሁልጊዜ ይከለከላል። ያኔ የተፈጨው በርበሬ እንዳይነቅዝ በስኒ እየሰፈረች ለጎረቤት ታድላለች። እኛም "የጣሊያን በርበሬ" እያልን ወጥ እንሠራበታለን።

በርበሬው ከዓመት ዓመት እየለዘበ ሄደ። አንድ ቀን እናቴ፣ "ምነው እቴ፣ የዘንድሮው አይፋጅሳ?" አለቻት።

ሴትዮዋ ስኒዋን አቀርቅራ እያየች፣ "እሳቸው እያረጁ ነው። ጨጓራቸው አይችልም ብዬ ነው" አለች። ስለ አባቷ ከአፏ የሰማነው ይህን ብቻ ነው።

የመጨረሻውን ዓመት አልረሳውም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እንደ ልማዷ ስኒዋን ሞልታ መጣች። እናቴ ነጠላዋን አይታ ስኒውን በሁለት እጇ ተቀበለቻት። ምሳ ላይ ወጡን የቀመስን ሁሉ ዓይናችን እንባ አቀረረ፤ በርበሬው እንደ መጀመሪያው ዓመት ይፋጅ ነበር።